ሁሉም ሣጥን ምልክት ያለበት ቼክሊስት፦ በቀዶ ሕክምና ክፍላችን መጀመሪያ ምን እንለካ?

ጥያቄ
ጸሐፊ፦ የኦር አስተባባሪ

ጤና ይስጥልኝ የሙያ ባልደረቦቼ። በአንድ ጠቅላላ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል አስተባባሪ ነርስ ስሆን የሆስፒታሉ የጥራት ኮሚቴ አባልም ነኝ። ክፍላችን ሁለት የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ አለው፤ አንደኛው አብዛኛውን ጊዜ በእናቶች ድንገተኛ ኦፕራሲዮን የተያዘ ነው። በቅርቡ ልንወስነው በሚገባ አንድ ጉዳይ ላይ ልምድ ያላችሁ እንድትመክሩኝ እፈልጋለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት ከእያንዳንዱ ታካሚ ካርድ ጋር አያይዘን መጠቀም ከጀመርን ቆይተናል። በምንልከው ሪፖርት ላይ አጠቃቀማችን ሁልጊዜ መቶ ከመቶ ሊባል የሚችል ነው። ይሁን እንጂ ባለፈው ሩብ ዓመት የኮሚቴው አባላት ተቀምጠን ካርዶቹን አንድ በአንድ ስናገላብጥ፣ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊትና ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት በየተራ መሞላት ያለባቸው ሦስት ክፍሎች በአንድ ብዕርና በአንድ እጅ፣ በአንድ ትንፋሽ የተሞሉባቸው ቅጾች በርካታ ሆነው አገኘናቸው። በአንዲት እናት ካርድ ላይ የጎዝና የመሣሪያ ቆጠራ መጠናቀቁን የሚገልጸው ሣጥን ምልክት ተደርጎበታል፤ በቅጹ ጀርባ ስክራብ ነርሷ (ለሰርጀኑ መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ) የመጨረሻውን ቆጠራ በቁጥር የምትጽፍበት መስመር ግን ባዶ ነው። እናትየዋ በሰላም ወደ ቤቷ ገብታለች፤ ቢሆንም ቆጠራው ተደርጎ ሳይጻፍ ይቅር ወይም ጭራሹኑ አይደረግ፣ ከወረቀቱ ተነሥቶ ማወቅ የሚችል ሰው የለም።

አሁን ደግሞ አስተዳደሩ ለክፍሉ ማሻሻያ የሚሆን መጠነኛ በጀት ይዟል፤ ሁለት ሐሳቦችም ቀርበዋል። አንደኛው ቼክሊስቱ በታብሌት እንዲሞላ አድርጎ ውጤቱን በኃላፊው ኮምፒውተር ላይ በግራፍ የሚያሳይ ሥርዓት መግዛት ነው። ሁለተኛው በየጠረጴዛው አናት ካሜራ መትከል ነው። ይህን ሐሳብ ያቀረቡት የአስተዳደር ባልደረባ ጥፋተኛን ለመለየት እንደሚረዳ በስብሰባው ላይ በግልጽ ተናግረዋል፤ ንግግሩ በሠራተኛው ዘንድ ያስነሣውን ጉርምርምታ ለእናንተ መግለጽ አያስፈልገኝም።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው፣ እንደኛ ባለ ሆስፒታል የታካሚን ደኅንነት በእርግጥ የሚያሻሽለው መረጃ የትኛው እንደሆነ ነው። ታብሌቱ በወረቀት ላይ የለመድነውን የይስሙላ ምልክት ወደ ስክሪን ከማዛወር ያለፈ ጥቅም አለው ወይ? መረጃው ሠራተኛውን የሚያሸማቅቅ ሳይሆን ለሥራው የሚረዳው እንዲሆንስ ምን ዓይነት አሠራር ዘርግታችኋል? የሶፍትዌር ስም እንድትጠቁሙኝ አይደለም፤ መጀመሪያ መለካት ያለበትን ካወቅን መሣሪያውን መምረጡ ይቀለናል ብዬ ስለማምን ነው።


መልስ 1
ጸሐፊ፦ አንስቴቲስት

ሲስተር፣ ካርዶቹን አንድ በአንድ በማገላበጣችሁ ኮሚቴውን ላመሰግን እወዳለሁ፤ አብዛኛው ኮሚቴ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። ነገር ግን ወደ ታብሌቱ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ክፍላችሁ ውስጥ በየሰከንዱ መረጃ እያመረተ ማንም የማያነበው መሣሪያ መኖሩን ላስታውስዎ፤ እሱም ከታካሚው ራስጌ የቆመው ሞኒተር ነው።

ከሞኒተሩም ፑልስ ኦክሲሜትሩን አስቀድማለሁ። ታኩዎ አኦያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የደረሰበት ይህ ዘዴ፣ ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ የደምን የኦክሲጅን ሙሌት ያሰላል። መሣሪያው በበለጸጉት አገሮች የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ሁሉ ከተዳረሰ በኋላም በብዙ ድሃ አገሮች ሆስፒታሎች ስላልነበረ፣ ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ2011 ላይፍቦክስ የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት ተቋቁሟል፤ እኛም አገር መሣሪያውንና ሥልጠናውን በዚሁ በኩል ያገኙ ባለሙያዎች አሉ።

መሣሪያው መኖሩ ግን መረጃው ሥራ ላይ ዋለ ማለት አይደለም። ነገ ጠዋት ክፍሉ ሲገቡ የኦክሲጅን ዝቅተኛ የማንቂያ ወሰን ስንት ላይ እንደተቀመጠ፣ የአላርሙ ድምፅ ተዘግቶ እንደሆነና የጣት ሴንሰሩ ገመድ በፕላስተር የተጠጋገነ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ። ወሰኑ ወደ 80 ወርዶ፣ ድምፁም «ያስቸግራል» ተብሎ የጠፋበትን ሞኒተር ከአንድ በላይ ሆስፒታል ውስጥ አይቻለሁ። ሙሌቱ 90 በመቶ ሲደርስ በደም ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ግፊት ወደ 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ወርዷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አወራረድ እጅግ ፈጣን ስለሆነ 80 ላይ የሚጮኽ ማሽን ለባለሙያው የሚተውለት ጊዜ ጥቂት ነው። ከልብ ምቱ ጋር አብሮ የሚሰማው ድምፅ ሙሌቱ ሲቀንስ እየወፈረ እንዲሄድ የተሠራውም፣ ባለሙያው መድኃኒት ለመቅዳት ፊቱን ቢያዞር እንኳ ጆሮው ለውጡን እንዲይዝ ታስቦ ነው። ድምፁን መዝጋት ይህን ሁሉ ማጥፋት ነው።

ሌላው በእጅ የሚሞላው የሰመመን መዝገብ ነው። በየአምስት ደቂቃው መጻፍ ያለበት የደም ግፊትና የልብ ምት ሥራ ሲበዛ በኋላ ተሰብስቦ ስለሚሞላ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ከእውነቱ ይልቅ የለሰለሰ ይሆናል። ሞኒተሩ ግን አይረሳም፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች ያለፉትን ሰዓታት ሂደት (ትሬንድ) በማስታወሻቸው ይይዛሉ። ታካሚው ወደ ሪከቨሪ (ከሰመመን ማገገሚያ ክፍል) ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ትሬንዱን ከፍቶ፣ የተመዘገበውን ዝቅተኛ የኦክሲጅን ሙሌትና ከ90 በታች የቆየበትን ደቂቃ በካርዱ ላይ ቢጽፍ፣ አንድ ብር ሳታወጡ ሊለዝብ የማይችል መረጃ ይኖራችኋል።

በዚህ ላይ ለእኛ ታካሚዎች በተለይ የሚያሳስብ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ፑልስ ኦክሲሜትሩ ከ92 እስከ 96 በመቶ እያሳየ በደም ናሙና ሲረጋገጥ ግን ሙሌታቸው ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኙት ከጥቁር ታካሚዎች ንባቦች 11.7 በመቶ ሲሆኑ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ 92 የሚለውን ቁጥር እኛ ዘንድ እንደ ማረጋጊያ መውሰድ አይገባም፤ የማንቂያ ወሰናችሁንም ስትወስኑ ይህን አትርሱት።

ከበጀቱ የምትገዙት ነገር ካለ የእኔ ድምፅ በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚለካው ካፕኖግራፍ ነው። የመተንፈሻ ቱቦው በስሕተት ወደ ጉሮሮ የምግብ መስመር ሲገባ፣ ከሳንባ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በስክሪኑ ላይ ሞገድ ስለማይሠራ ከጥቂት ትንፋሽ በኋላ ይታወቃል፤ ኦክሲሜትሩ ግን ሳንባ ውስጥ የቀረው ኦክሲጅን እስኪያልቅ ድረስ ደህና ነው እያለ ሊዘገይ ይችላል። ካሜራው ስላየው ነገር የሚወራው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።


መልስ 2
ጸሐፊ፦ ሰርጀን፣ ኦንታሪዮ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ካናዳ ውስጥ ስለሆነ ስለ እናንተ ሆስፒታል ሁኔታ አዋቂ ሆኜ ልናገር አልችልም፤ ሆኖም እኅታችን ያነሣችው «መቶ ከመቶ» የሚባል ነገር እዚህም ያደረሰብንን ላካፍላችሁ።

ቼክሊስቱ መጀመሪያ የተሞከረው በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ነበር፤ ከነዚህ አንዱ ቶሮንቶ ሲሆን፣ ከአፍሪካ በታንዛኒያ የምትገኘው ኢፋካራ ነበረች። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ሲታተም የሞት መጠኑ ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ የከባድ ጉዳቶች መጠን ደግሞ ከ11 ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተገለጠ። ዓለም ሁሉ ተደነቀ፤ መንግሥታትም ግዴታ ማድረግ ጀመሩ። በኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እያንዳንዱ ሆስፒታል የቼክሊስት አጠቃቀሙን ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርግ ታዘዘ። ሆስፒታሎቹ ያስታወቁት አጠቃቀም ከ90 በመቶ በላይ ሆነ፤ አብዛኞቹም ወደ መቶ የተጠጉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን 101 ሆስፒታሎችን ያካተተ ጥናት ቼክሊስቱ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ያለውን ውጤት ሲያነጻጽር፣ የሞት መጠኑ ከ0.71 ወደ 0.65 በመቶ ብቻ እንደተቀየረ አሳየ፤ ይህም ከአጋጣሚ ሊለይ የማይችል ልዩነት ነው።

ስለ ምክንያቱ እስካሁን ክርክር አለ፤ የጥናቱ ጊዜ አጭር ነበር የሚሉም አሉ። እኔ በበኩሌ የምይዘው አቋም፣ ግዴታ ተደርጎ ቁጥሩ ብቻ የሚጠየቅ ነገር ቁጥሩን ብቻ ያፈራል የሚል ነው። በስምንቱ ሆስፒታሎች የአካባቢው ቡድን ሰዎቹን አሠልጥኖ፣ ቅጹን ከራሱ አሠራር ጋር አስማምቶ፣ ውጤቱን እያየ ነበር የጀመረው። እኛ ዘንድ ግን ከላይ ወደ ታች በትእዛዝ ወረደ።

ካሜራውን በተመለከተ ከአንስቴቲስቱ ወንድሜ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እዚሁ ቶሮንቶ በሴንት ማይክል ሆስፒታል በዶክተር ቴዎዶር ግራንቻሮቭ የተጀመረ፣ ከአውሮፕላን ጥቁር ሣጥን ስሙን የወሰደ አሠራር አለ። ሥርዓቱ በኦፕራሲዮኑ ወቅት የክፍሉን ምስልና ድምፅ፣ በሆድ ውስጥ የገባውን ካሜራ ምስልና የሞኒተሩን ቁጥሮች በአንድ የሰዓት መስመር ላይ ያቀናጃል፤ የሰዎቹ ማንነት እንዳይለይ ከተደረገ በኋላ የሠለጠኑ ተንታኞች ያዩታል። የመጀመሪያው ዓመት ሪፖርት 132 የላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ እየታየ የሚሠራ) ኦፕራሲዮኖችን የዳሰሰ ሲሆን፣ እንደ በር መከፈት፣ ስልክና የመሣሪያ ጩኸት ያሉ በጆሮ የሚመጡ ማዘናጊያዎች በአንድ ኦፕራሲዮን መካከለኛ ቁጥራቸው 138 ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ማንም በቼክሊስት ላይ አይጽፈውም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሰዎችም ስለለመድነው አይሰማንም። ምስል ባይኖር ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ መሆኑን የሚያምን ሐኪም አይገኝም ነበር።

ሆኖም አሠራሩ ሊቆም የቻለው በሁለት ነገር ላይ ተደግፎ ነው። አንደኛ፣ ዓላማው ጥፋተኛ መፈለግ አለመሆኑ ከመነሻው በጽሑፍ ተቀምጧል። ሁለተኛ፣ በኦንታሪዮ ለጥራት ማሻሻያ የተሰበሰበ መረጃ በፍርድ ቤት ክርክር እንዳይቀርብ የሚከላከል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ በኋላ በ2016 ሕግ የተተካ ሕግ አለ። እነዚህ በሌሉበት፣ ያውም «ጥፋተኛን ለመለየት» በሚል መግቢያ የሚተከል ካሜራ የሚያስገኘው ውጤት ግልጽ ነው፤ ሰዉ ከካሜራው እይታ ውጪ ያለውን ጥግ ያጠናል። ስለዚህ ሲስተር፣ የካሜራውን ሐሳብ ለጊዜው ብታሳድሩት ይሻላል፤ ያቀረቡትን ሰው ግን አታስቀይሟቸው፣ ቀኑ ሲደርስ ይጠቅማሉ።


መልስ 3
ጸሐፊ፦ የኢንፌክሽን መከላከል ነርስ

ሁለቱም መልሶች ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ብቻ ያረፈ መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የታተመው የአፍሪካ የቀዶ ሕክምና ውጤት ጥናት፣ አገራችንን ጨምሮ በ25 አገሮች 247 ሆስፒታሎች ያሉ 11,422 ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። ከኦፕራሲዮን በኋላ የሞቱት 2.1 በመቶ ሲሆኑ፣ ከነዚህ ውስጥ 94.1 በመቶዎቹ የሞቱት ኦፕራሲዮኑ ከተደረገበት ቀን በኋላ ነው። በብዛት የታየው የጤና እክልም ኢንፌክሽን ነው። የሞኒተሩ ትሬንድ ጥሩ ሆኖ የወጣ ታካሚ በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ይህን የሚያስቆጥር መረጃ ደግሞ የጠረጴዛው መረጃ አይደለም።

ከዚህ አንጻር ለእናንተ የሚቀርበው ልምድ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተነሥቶ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የሰፋው «ክሊን ከት» የተባለው የላይፍቦክስ ፕሮግራም ነው። ትኩረቱ ስድስት ነገሮች ላይ ነው፤ የእጅና የቆዳ ማጽዳት፣ የጋውንና የመሸፈኛ ጨርቅ አለመቀደድ፣ የመሣሪያ ስቴራይልነት (ከጀርም ነጻ መሆን)፣ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ መሰጠት፣ የጎዝ ቆጠራና ቼክሊስቱ ራሱ። በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተገኘው ውጤት ሲታተም የቁስል ኢንፌክሽን አደጋ በአንድ ሦስተኛ ገደማ መቀነሱ ተመዝግቧል። ልብ በሉ፣ ውድ ማሽን አልገባም። የሠለጠነ ነርስ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ የሆነውን ይመዘግባል፤ የተሰበሰበው ለቡድኑ ተመልሶ ይቀርባል፤ ቡድኑም ሥራው የት ላይ እንደሚቋረጥ ሂደቱን በወረቀት ላይ እየሣለ ይፈልጋል።

አንድ ምሳሌ በቅርበት ላሳያችሁ። የመሣሪያ ትሪው በእንፋሎት ከሚያመክነው ማሽን፣ ከአውቶክሌቭ፣ ሲወጣ ውጪው ላይ የተለጠፈው ቴፕ ቀለሙን መቀየሩ ትሪው ሙቀት እንዳገኘ ብቻ ነው የሚናገረው። እንፋሎቱ እስከ ትሪው መሐል መድረሱን የሚያሳየው ውስጥ የሚቀመጠው የኬሚካል ጠቋሚ ወረቀት ነው። በቼክሊስቱ ላይ «ስቴራይልነቱ ተረጋግጧል» የሚለው ሣጥን ምልክት እየተደረገበት ትሪው ውስጥ ግን ጠቋሚ ወረቀት ጨርሶ ሳይገባ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ወይ ከመጋዘን አልቋል፣ ወይ ትሪውን የሚያሽገው ሠራተኛ ስለ ጥቅሙ የነገረው የለም። ይህን የሚያገኘው ትሪው ሲከፈት አጠገቡ የቆመ ሰው ነው። መፍትሔውም የግዢ ክፍሉን መጠየቅና የስቴራላይዜሽን ክፍል ሠራተኞችን ማነጋገር እንጂ ስክራብ ነርሷን መውቀስ አይደለም። አንቲባዮቲኩም እንዲሁ ነው፤ «ተሰጥቷል» ከሚለው ምልክት ይልቅ የተሰጠበትና ቆዳው የተቀደደበት ሰዓት ጎን ለጎን ቢጻፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሆን አለመሆኑ ያለ ክርክር ይታወቃል።

ከወጡ በኋላ ያለውን ለመከታተል ደግሞ ስልክ በቂ ነው። ታካሚው ሲገባ የራሱንና የአንድ አስታማሚ ስልክ ቁጥር መዝግባችሁ በ30ኛው ቀን መደወል ነው። ቁስሉ ፈሳሽ አለው ወይ፣ ትኩሳት ነበረ ወይ፣ ሌላ ጤና ተቋም ሄደዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ያመረቀዘበት ሰው የሚሄደው ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ እንጂ ወደ እናንተ አይደለም፤ ስልክ ካልደወላችሁ እሱ በመዝገባችሁ ላይ የዳነ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ለሐቀኝነት ያህል ግን ክትትል ማጥበቅ ብቻውን ይበቃል እያልሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሁለተኛው የአፍሪካ ጥናት በ332 ሆስፒታሎች ለአደጋ የተጋለጡ ታካሚዎችን በዋርድ ውስጥ ይበልጥ እንዲጠበቁ አድርጎ ሲሞክር የሞት መጠኑ አልቀነሰም። ምልክቱን ያየ ሰው የሚያደርገው ነገር፣ ማለትም ደም፣ የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) አልጋና ተመልሶ የሚገባበት ጠረጴዛ ከሌለ ማየቱ ብቻ ታካሚውን አያድነውም።


መልስ 4
ጸሐፊ፦ የጤና መረጃ ባለሙያ

ስለ ታብሌቱ የተጠየቀው ሳይመለስ ስለቀረ በአጭሩ ልግባበት።

የታብሌቱ ዋነኛ ጥቅም ግራፉ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ወረቀት ላይ የተደረገ ምልክት መቼ እንደተደረገ አይናገርም፤ ታብሌቱ ግን ሦስቱ ክፍሎች በየትኛው ደቂቃ እንደተሞሉ ራሱ ይመዘግባል። ሦስቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተሞልተው ከተገኙ የምላሹ ይዘት ምንም ይሁን ምን ቼክሊስቱ ጮክ ተብሎ አልተነበበም። ስለዚህ የምትገዙት ሥርዓት ይህን ሰዓት ለእናንተ አውጥቶ የሚያሳይ መሆኑን ከሻጩ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። አንዳንዶቹ የሚያሳዩት «98 በመቶ ተሟልቷል» የሚል አረንጓዴ ክብ ብቻ ነው፤ እሱ በወረቀትም ነበራችሁ። ኔትወርክና መብራት ሲጠፋ የሞላችሁትን ይዞ ቆይቶ በኋላ የሚልክ ካልሆነም አትግዙት፤ ክፍሉ ውስጥ የተጠመደ ሰው ስክሪን እስኪከፈት አይጠብቅም።

ሌላው የምትልኩት ሪፖርት ነው። ጤና ሚኒስቴር «ሳልትስ» ብሎ በጀመረው የቀዶ ሕክምና ፕሮግራም 15 አመላካቾች ተለይተዋል፤ እናንተም በየወሩ፣ ማለትም ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለውን ደምራችሁ ዲኤችአይኤስ2 በተባለው የጤና ሪፖርት መላኪያ ሥርዓት የምታስገቡት ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር ለክልልና ለሚኒስቴር ዕቅድ ይጠቅማል፤ ለእናንተ ግን ከድምሩ ወደ ታካሚዋ ካርድ መመለሻ መንገድ የለውም። ለማሻሻያ የሚያስፈልጋችሁ የካርድ ቁጥር ያለበት፣ እያንዳንዱ ኦፕራሲዮን በአንድ መስመር የተጻፈበት ዝርዝር ነው። በኤክሴል ሊጀመር ይችላል። ከሁሉ በፊት የኦፕራሲዮን መዝገባችሁን ከሰመመን መዝገቡ ጋር አስተያዩ፤ በአንዱ ያለ በሌላው ከሌለ፣ ከስንት ታካሚ ስንቱ አመረቀዘ ስትሉ «ከስንት» የሚለውን ራሱን አታውቁትም ማለት ነው።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል። የሻጩ ሰርቨር የት እንደሚገኝ፣ መረጃውን ማን እንደሚያይና ውሉ ሲያበቃ ምን እንደሚሆን በውሉ ውስጥ ይጻፍ። ካሜራም ቢመጣ ይኸው ጥያቄ በእጥፍ ይመጣል፤ ጠረጴዛው ላይ የተኛችው እናት ራቁቷን ናት።


ጸሐፊ፦ አንስቴቲስት

የኢንፌክሽን መከላከል እኅቴ ያሉት ልክ ነው፤ የሞኒተሩ ትሬንድ አምስተኛውን ቀን አያሳይም። ሆኖም ሁለቱን የሚያፎካክር ነገር የለም። እርስዎ በጠቀሱት በመጀመሪያው የአፍሪካ ጥናት ከተሠሩት ኦፕራሲዮኖች አንድ ሦስተኛው የእናቶች ኦፕራሲዮን ነበሩ፤ ለእነዚህ እናቶች ደግሞ የሰመመኑና የደም መፍሰሱ ሰዓት የሚያልቀው ያንኑ ሌሊት ነው። ከሁለቱም ወገን ጥቂት ጥቂት ቢለካ ይበቃል። 20 ነገር መለካት የጀመረ ኮሚቴ በሦስተኛው ወር አንድም እንደማይለካ ግን አውቃለሁ።


ጸሐፊ፦ የኦር አስተባባሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያላችሁትን ይዤ ከክፍሉ ሰርጀን፣ ከሰመመን ባለሙያዎቻችንና ከጥራት ክፍሉ ጋር ተወያይተናል። ካሜራው ለጊዜው እንዲቆይ፣ የታብሌቱም ግዢ የሰዓት ዝርዝሩን እንደሚያወጣ እስኪረጋገጥ እንዲዘገይ ሐሳብ አቅርበናል፤ ከበጀቱ ካፕኖግራፍና የጠቋሚ ወረቀት እንዲገዛም ጠይቀናል። እስከዚያው በእያንዳንዱ ኦፕራሲዮን አራት ነገር ብቻ እንጽፋለን፤ አንቲባዮቲኩ የተሰጠበትና ቆዳው የተቀደደበት ሰዓት፣ ከሞኒተሩ ትሬንድ የተነበበው ዝቅተኛ የኦክሲጅን ሙሌት፣ የጎዝ ቆጠራ በቁጥር፣ እና በ30ኛው ቀን በስልክ የተገኘ የቁስል ሁኔታ። የተሰበሰበው በየሳምንቱ ዓርብ የሠራተኛ ስም ሳይጠራ ለክፍሉ ሁሉ ይነበባል። በተጨማሪ በሳምንት ጥቂት ኦፕራሲዮኖችን ቆሞ የሚታዘብ አንድ ነርስ ተመድቧል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ታዛቢያችን የሚገኘው በቀን ብቻ ሲሆን፣ የእናቶች ኦፕራሲዮን የሚበዛው ሌሊት ነው፤ ሌሊት ደግሞ ያሉት አንድ ስክራብ፣ አንድ ረነር (በክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወረች ዕቃ የምታቀርብ ነርስ) እና አንድ አንስቴቲስት ብቻ ናቸው። ለሌሊቱ ሥራ ሰው ሳይጨመር ምን ይደረጋል?


ጸሐፊ፦ የኢንፌክሽን መከላከል ነርስ

ለሌሊቱ ታዛቢ አያስፈልጋችሁም፤ ራሱ የሚናገር ማስረጃ እንዲቀር አድርጉ። ትሪው ሲከፈት ስክራቧ ጠቋሚ ወረቀቱን አንሥታ ለረነሯ ትስጥ፣ ረነሯ ካርዱ ላይ በፕላስተር ትለጥፈው፤ ወረቀት የሌለበት ካርድ ጠዋት ላይ ራሱ ይታያል። የጎዝ ቆጠራው ግድግዳው ላይ ባለው ነጭ ሠሌዳ ይጻፍ፤ ተረኛው ቡድን ለጠዋቱ ቡድን ሲያስረክብም ሠሌዳው የሚጠረገው ቁጥሩ ወደ ካርዱ ከተገለበጠ በኋላ ይሁን። የሞኒተሩን ትሬንድ የጠዋቱ አንስቴቲስት ማሽኑን ሲፈትሽ ሊያነበው ይችላል፤ ለዚህ ግን ሌሊት ታካሚ በተቀየረ ቁጥር የካርድ ቁጥሩ ሞኒተሩ ላይ መግባት አለበት፣ አለዚያ የማን ትሬንድ እንደሆነ አይለይም። ማሽኑ ሲጠፋ ማስታወሻው የሚሰረዝ መሆን አለመሆኑንም ባዮሜዲካል መሐንዲሳችሁን ከወዲሁ ጠይቁት፤ በአንዳንድ ሞዴል ይሰረዛል፤ እንዲያ ከሆነ ንባቡን ታካሚዋ ከክፍሉ ሳትወጣ የሌሊቱ አንስቴቲስት ራሱ መጻፍ ይኖርበታል።